የጁገል የድሮ ቤት ወርሳችኋል? መጠገን፣ ማደስ ወይስ አፍርሶ መሥራት፦ የቱ ለማን ይሆናል

ጁገል ውስጥ፣ ማለትም በግንብ በታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ የድሮ ቤት ያለው ሰው አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። ጣሪያው ማፍሰስ ይጀምራል። ልስኑ ይነሳል። ውርስ ይካፈላሉ፣ ወይ ልጅ ያገባና ክፍል ይጠባል። ከዚያ ምክር ከየአቅጣጫው ይዘንባል። ግንበኛው «በሲሚንቶ ልሰነውና ተገላገል» ይላል። ውጭ አገር ያለው ወንድም «አፍርሰን ፎቅ እንሥራ፣ ብሩን እኔ እልካለሁ» ይላል። አክስት ደግሞ «የአባታችሁን ቤት እንዳትነኩ» ትላለች። ሁሉም የሚሉት ነገር የራሱ ምክንያት አለው፣ ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ አማራጮቹን አንድ በአንድ በተመሳሳይ መስፈርት እናያቸዋለን። የዋጋ ቁጥር አላስቀመጥኩም። የሲሚንቶና የእንጨት ዋጋ በየወሩ ስለሚቀያየር ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል። የቱ ከየቱ እንደሚወደድና ወጪው መቼ መቼ እንደሚመጣ ግን በደንብ መናገር ይቻላል።

የሚጠበቀው ነገር ምንድነው?

ብዙ ሰው የጁገል መልክ ቀለሙ ይመስለዋል። አረንጓዴ፣ ሮዝና ሰማያዊ ግድግዳ፣ ፎቶ የሚነሳበት። ቀለም በአንድ ሳምንት ይቀባል፣ በሌላው ሳምንት ይቀየራል። ከሁሉ ቀላሉ እሱ ነው።

ሐረር ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው በ1998 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በ48 ሄክታር ገደማ ቦታ ውስጥ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የአውልያ ቦታዎች አሉ። በአምስቱ ነባር በሮች ማለትም በአሱም፣ በአርጎ፣ በሱቁጣት፣ በበድሮና በአስመዲን ስም የሚጠሩ አምስት ሰፈሮችም አሏት። ነገር ግን የመዝገቡ ትኩረት ግንቡና መስጊዱ ብቻ አይደለም። የከተማዋ አሰፋፈር፣ ጠባብ መንገዶቿና በተለይ የቤቶቹ የውስጥ አሠራር ትልቅ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ማለትም ቅርሱ እናንተ የምትተኙበት፣ ቡና የምታፈሉበት ቤት ነው።

ነባሩን የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋርን፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለማያውቅ በአጭሩ፦ ከመንገዱ በኩል ረጅም ግድግዳና አንድ በር ብቻ ነው የሚታየው። በሩ ወደ ግቢ ያስገባል። ከግቢው ወደ ዋናው ክፍል፣ ወደ ጊድር ጋር ሲገባ፣ ፊት ለፊት ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች አሉ። እነዚህ ነደባ ይባላሉ፣ እስከ አምስት ይደርሳሉ፣ ማን የት እንደሚቀመጥም ቦታው የታወቀ ነው። አሚር ነደባ ላይ ማንም ዘሎ አይቀመጥም። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው። ብዙዎች ቀዩን በ1879ቱ የጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም ጋር ያያይዙታል። ግድግዳው ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጉድጓዶች አሉ፣ ላዩ ላይ ስፌትና ሰሃን ይሰቀላል። በጎን በኩል ድሮ አዲስ ሙሽራ የምትቀመጥበት ኪርታት አለ። ላይ ደግሞ ቃላ የሚባለው የላይኛው ክፍል አለ።

ሌላው የቤት ዓይነት ከ1879 በኋላ የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች የሠሩት ባለ አንድ ፎቅና የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ነው። የሁለቱ ቅልቅልም አለ። የእናንተ ቤት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። በጌይ ጋር የሚጠፋው ነገር ውስጥ ነው ያለው። በሕንዱ ቤት ግን ሰገነቱ ከሄደ ቤቱም ከመንገዱ ጠፋ ማለት ነው።

መስፈርቶቹ

ከምንም በላይ የማየው ውኃ ነው። የጁገል ግድግዳ ድንጋይ በጭቃ የተያያዘ ወፍራም ግድግዳ ነው። ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ ዝናብም ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ግን በላዩ በኩል ይለቀዋል። ይህ መግባትና መውጣት ነው ለዘመናት ያቆመው። ስለዚህ ስለ ማንኛውም አማራጭ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ከዚህ በኋላ ግድግዳው ውኃውን በየት ይለቃል?» ብላችሁ ነው።

ሁለተኛው ከመንገዱ የሚታየው ነው። የግድግዳው ቁመት፣ የበሩ ቦታና ስፋት፣ የመስኮት ብዛት። ጁገል ውስጥ ጎረቤት የጎረቤቱን ግቢ እንዳያይ ተደርጎ ነው የተሠራው። አንድ ሰው አንድ ፎቅ ሲጨምር ሰባት ቤት ሚስጥሩን ያጣል። ከመስፈርቶቹ ሁሉ ጎረቤት የሚጣላበት ይህኛው ነው፣ መጣላቱም ልክ ነው።

ሦስተኛ፣ ውስጡ ይቀራል ወይ? አራተኛ፣ ነገ ሐሳባችሁ ቢቀየር መመለስ ይቻላል ወይ? አምስተኛ ወጪ ነው፣ እሱም ለሁለት ይከፈላል፦ ዛሬ አንድ ጊዜ የሚወጣውና በየዓመቱ የሚወጣው። ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ነው። ስድስተኛ፣ ኑሮ። መጸዳጃ፣ ውኃ፣ ኩሽና፣ የአቅመ ደካማ እናት መውጫና መግቢያ። ቅርስ ነው ብሎ ቤተሰብን ያለ ሽንት ቤት ማስቀመጥ አይቻልም። ሰው ካልኖረበት ቤቱም አይቆይም።

ፈቃድን መስፈርት አላልኩትም፣ ለሁሉም ግዴታ ስለሆነ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነን ነገር ለመጠገንም ሆነ ለማደስ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመንከባከቡ ወጪ የባለቤቱ ነው። ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን ግን መንግሥት በከፊል ሊረዳ እንደሚችል ያው አዋጅ ይላል። ይህችን ብዙ ሰው አያውቃትም። ጁገልን ወደሚመለከተው የክልሉ የቅርስ ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ ጠይቁ፣ ማመልከቻችሁንም በጽሑፍ አስገቡ።

አንደኛው መንገድ፦ በነባሩ ዕቃ መጠገን

ድንጋዩን በጭቃ፣ ልስኑን በኖራ፣ ጣሪያውን በእንጨት። ግድግዳው መተንፈሱን ይቀጥላል፣ መልኩ አይቀየርም፣ የተበላሸው ቦታ ብቻ ተነቅሎ ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ አራት መስፈርቶች ከሁሉም ይበልጣል።

ችግሩ ጊዜና እጅ ነው። ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ እየቀነሰ ነው። ኖራ ችኮላ አይወድም፦ በውኃ ተበርዶ ሳምንታት መቆየት አለበት፣ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፣ ብዙ ጊዜ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው፣ ከዚያ በስሱ ደረብ ደረብ እየተደረገ ይለሰናል። አንዱ ድርብ ሳይጠብቅ ሌላው ከመጣ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው ለጥቂት ቀናት በውኃ እየረጠበ በጆንያ ይሸፈናል። ክረምት ላይ አይሠራም። «በሦስት ቀን ጨርሼ እሄዳለሁ» የሚል ግንበኛ ኖራ አይደለም የሚሠራላችሁ።

ሌላው፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሥራ ይፈልጋል። ከክረምት በፊት ጣሪያና አሸንዳ ማየት፣ ከክረምት በኋላ የተነሳውን ልስን መድፈን፣ ከበዓል በፊት ኖራ መቀባት። ሐረር ላይ ለበዓል ቤት መቀባት ድሮም ያለ ነገር ስለሆነ ይህ ለኛ ሸክም መሆን አልነበረበትም። ሸክም የሆነው የኖራ ቅቡ በዘይት ቀለም ከተተካ በኋላ ነው። የዘይት ቀለም ያብረቀርቃል፣ ይታጠባል፣ ግን ግድግዳውን እንደ ላስቲክ ያፍነዋል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እየተላጠ ይወርዳል።

ወጪው፦ መነሻው መካከለኛ ነው፣ ተከፋፍሎ መሠራቱ ደግሞ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ዘንድሮ ጣሪያ፣ ከርሞ አንድ ግድግዳ። ሙሉውን ብር አጠራቅሞ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው፦ በሲሚንቶና በብሎኬት ማደስ

በብዛት የሚመረጠው ይህ ነው፣ ለምን እንደሚመረጥም ይገባኛል። ግንበኛው በየመንገዱ አለ፣ ዕቃው አለ፣ በሳምንት ያልቃል፣ ሲያልቅም ቀጥ ያለና ንጹሕ ይመስላል።

እንዴት እንደሚበላሽ ላሳያችሁ። ሲሚንቶ ልስን ውኃ አያሳልፍም። ከመሬት የሚመጣው እርጥበት ግን አልቆመም። ድሮ በጉልበት ከፍታ ላይ ይደርቅ የነበረው ውኃ አሁን መውጫ ስላጣ ወደ ላይ ይወጣል። ሲሚንቶው ጠንካራ፣ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ልል ስለሆነ አብረው አይንቀሳቀሱም፣ ቀጭን ስንጥቅ ይመጣል። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፣ የገባው ግን አይወጣም። ድንጋዮቹን የያዘው ጭቃ ይርሳል። ከዚያ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የወራጅ፣ ማለትም የጣሪያው ተሸካሚ እንጨት፣ ጫፍ ይበሰብሳል፣ ጣሪያው ደግሞ የተሸከመው በዚያ ጫፍ ነው።

በሲሚንቶ የተለሰነ የድሮ ግድግዳ ካላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት። በጣታችሁ አንጓ ከታች ወደ ላይ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ደህናው ቦታ ድፍን ያለ ድምፅ አለው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ልስኑ ከግድግዳው ተላቋል ማለት ነው። እዚያች ጋ ትንሽ ብታነሱት ከጀርባው የሚወርደው እርጥብ አፈርና የነጣ ጨው ነው። ከውጭ ግን ግድግዳው አዲስ ይመስላል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፣ ሰዎች የለፉበትን ብር አውጥተው ቤታቸውን ከውስጥ እያበሰበሱ መሆኑን የሚያውቁት ሲዘገይ ነው።

በድሮው ግድግዳ ላይ ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ጣሪያ፣ መጫን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ የኮንክሪት ክብደት እንዲሸከም ተብሎ አልተሠራም።

ሲሚንቶ ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። ግቢው ውስጥ ከነባሩ ቤት ተነጥሎ ለሚሠራ መጸዳጃ፣ ለውኃ ማጠራቀሚያ መሠረት፣ ለፍሳሽ ጉድጓድ ጥሩ ነው። አሮጌውን ግድግዳ እንዳይነካ ብቻ።

ሦስተኛው፦ ፊቱን ትቶ ውስጡን አዲስ ማድረግ

የመንገዱ ግድግዳና በሩ ይቀራል፣ ከጀርባው በኮለንና በቢም፣ ማለትም በኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ፣ አዲስ ቤት ይነሳል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉንም ያስታርቃል። በሌላ ከተማ፣ ጌጡ ሁሉ ፊት ለፊቱ ላይ በሆነ ሕንፃ፣ ሊያስኬድ ይችላል። ጁገል ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የጌይ ጋር ፊቱ ባዶ ግድግዳ ነው፣ ሀብቱ ያለው ውስጥ ነው። ነደባውን አፍርሶ ባዶውን ግድግዳ መጠበቅ ቅርስ ጠብቄያለሁ አያሰኝም።

የጎረቤትም ጉዳይ አለ። ጁገል ውስጥ ብዙ ቤት ግድግዳ ይጋራል። ለኮለን መሠረት ሲቆፈር የጎረቤት ግድግዳ ከሥሩ ይላላል። ስንጥቁ የሚመጣው ወዲያው ሳይሆን ከሁለት ክረምት በኋላ ስለሚሆን፣ ያኔ ማን ይጠየቅ የሚለው ሌላ ጠብ ይሆናል።

የሕንድ ቤት ላላቸው ግን ይህ መንገድ በከፊል ያስኬዳል። ሰገነቱና የእንጨት ሥራው በነባሩ መንገድ ተጠግኖ፣ ውስጥ ክፍሎቹን ለኑሮ ማመቻቸት ይቻላል፣ ዋናው ግድግዳና የጣሪያው እንጨት እስካልተነካ ድረስ።

አራተኛው፦ እንግዳ ማረፊያ ማድረግ

ጁገል ውስጥ ነባር ቤታቸውን ለእንግዳ የከፈቱ ቤተሰቦች አሉ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ነደባውን ለመጠበቅ የገንዘብ ምክንያት ይሰጣል፣ እንግዳው የመጣው እሱን ለማየት ነውና። ከቤቱ የሚገኘው ገቢ ቤቱን ይጠግናል።

ሦስት ነገር ግን አስቡ። አንደኛ፣ ገቢው አይታመንም። በኮቪድ ጊዜ እንግዳ የሚባል ጠፍቶ ነበር፣ አገር ሰላም ባጣ ቁጥርም መጀመሪያ የሚቀረው ቱሪስት ነው። ብድር ወስዳችሁ የምትገቡበት ከሆነ ያለ እንግዳ አንድ ዓመት እንዴት እንደምታልፉ አስቀድማችሁ አስሉ።

ሁለተኛ፣ ውኃ። ለየክፍሉ ሻወር ልሥራ ስትሉ ቧንቧው በአሮጌው ግድግዳ ውስጥ ያልፋል፣ አንድ ቀን ያፈሳል፣ ሳታዩት ግድግዳውን ያርሰዋል። መታጠቢያውን ግቢ ውስጥ ለብቻው ሥሩት፣ ቧንቧውን ግድግዳ ሳትቆርጡ በላዩ ላይ አሳልፉት። ጥሩ አይመስልም፣ ግን ሲያፈስ ይታያል። ሮቶውን ደግሞ ጣሪያ ላይ እንዳትሰቅሉት። 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነው። የሐረር ውኃ እንደሚጠፋ ስለምናውቅ ሮቶ የግድ ነው፣ ቦታው ግን ግቢው ውስጥ፣ በራሱ የብረት ማቆሚያ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ጊድር ጋሩን በኮምፔንሳቶ ከፋፍሎ መኝታ ማድረግ። ይህ ሲደረግ ቤቱ ያለውን ብቸኛ ነገር አጣ። ጊድር ጋሩ የጋራ መቀመጫና ቁርስ መብያ ይሁን፣ መኝታው ቃላውና የጎን ክፍሎቹ ይሁኑ። የክፍል ቁጥር ይቀንሳል፣ እንግዳው የሚፈልገው ነገር ግን ይቀራል። ደግሞም ቤተሰቡ ከቤቱ አይውጣ። ሰፈሩ በሙሉ ማረፊያ ቢሆን፣ ከረመዳን በኋላ በሚመጣው የሐረሪዎች በዓል፣ በሸዋልኢድ፣ ማን ቤቱን ከፍቶ ዘመድ ይቀበላል? ሸዋልኢድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ የሚከበረው ግን ሰው ባለበት ሰፈር ነው።

አምስተኛው፦ አፍርሶ በድሮው መልክ መሥራት

አንዳንዴ ሌላ መንገድ የለም። ጣሪያው ወድቆ፣ ግድግዳው ወደ መንገድ አጋድሎ፣ ሕፃናት የሚያልፉበት ሆኖ ሲገኝ መፍረስ አለበት። ግን «አርጅቷል፣ አይጠገንም» የሚለውን ቃል ከማን እንደሰማችሁ ተመልከቱ። ቤቱን ለመሥራት ጨረታ ከሚጠብቅ ኮንትራክተር ከሆነ ሌላ ሰው ጠይቁ። የድንጋይና ጭቃ ግድግዳ የሚያውቅ መሐንዲስ ፈልጉ፣ ኮንክሪት ብቻ የሚያውቅ መሐንዲስ ኮንክሪት ያልሆነውን ሁሉ ደካማ ነው ይላል።

ከፈረሰ ደግሞ በሥርዓት ይፍረስ። መጀመሪያ ይለካል፦ የእያንዳንዱ ነደባ ቁመት፣ የግድግዳው ጉድጓዶች ቦታ፣ የበሩ ስፋት። ፎቶ ይነሳል። ድንጋዩና ጥዱ ተለይተው ይቀመጣሉ፣ የድሮ የጥድ እንጨት ዛሬ በገንዘብም በቀላሉ አይገኝም። የተቀረጸው በር በዘመድ ቤት ይቀመጥ፣ ሜዳ ላይ ከተተወ ይሰረቃል። አዲሱ ቤት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቁመት፣ በነበረው ድንጋይ ይሠራል። ይህ ከሁሉም ይወደዳል። በብሎኬት ሠርቶ በቀለም «ባህላዊ» ማስመሰል ግን አምስተኛው መንገድ አይደለም፣ ሁለተኛው ነው።

ስድስተኛው፦ ቆልፎ መሄድ

ማንም «ይህን መርጫለሁ» አይልም፣ ግን ብዙ ቤት ያለው እዚህ ነው። ባለቤቶቹ ካናዳ፣ አሜሪካ፣ ሳዑዲ ናቸው፣ ወራሾቹ አልተስማሙም፣ ቁልፉ አንድ አጎት ጋ ነው። ምንም ብር ስለማይወጣ ነፃ ይመስላል። አንድ የተነሳ ቆርቆሮ በቂ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ጣሪያው ይርሳል፣ በሁለተኛው ወራጁ ይበሰብሳል፣ ጥቂት ክረምት ሲጨመር ግድግዳው ከላይ ጀምሮ ይናዳል። በዛንዚባር ስቶን ታውን ታዋቂው የሱልጣኑ ሕንፃ፣ ቤት አል አጃኢብ፣ ለዓመታት ሲጎዳ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በከፊል ተንዷል። ያ መንግሥት የሚያውቀው፣ ዓለም የሚጎበኘው ሕንፃ ነው። የእናንተን ቤት ማንም አያይላችሁም።

ወራሾች ባትስማሙም በአንድ ነገር ተስማሙ፦ ጣሪያው በየዓመቱ ይታይ። ዘመድ ያለ ኪራይ ይግባበት፣ በምትኩ አሸንዳ ይጥረግ፣ ሰው ያለበት ቤት ሲያፈስ በዚያው ሌሊት ይታወቃል።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ግድግዳው ይተነፍሳል? | ከመንገዱ | ውስጡ | መመለስ ይቻላል? | መነሻ ወጪ | በየዓመቱ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| በነባሩ ዕቃ መጠገን | አዎ | አይቀየርም | ይቀራል | አዎ | መካከለኛ፣ ተከፋፍሎ | ትንሽ፣ ግን የማይቀር |
| ሲሚንቶና ብሎኬት | አይ | ቀስ በቀስ ይለወጣል | ብዙ ጊዜ ይጎዳል | በጣም ከባድ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | መጀመሪያ የለም፣ በኋላ ከባድ |
| ፊቱን ትቶ ውስጡን ማደስ | በከፊል | ይቀራል | ይጠፋል | አይ | ከፍተኛ | ትንሽ |
| እንግዳ ማረፊያ | በአሠራሩ ይወሰናል | ይቀራል | ካልተከፋፈለ ይቀራል | አብዛኛው አዎ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ከፍ ያለ፣ ገቢ አለው |
| አፍርሶ በድሮው መልክ | በድንጋይና በኖራ ከሆነ አዎ | በቁመቱ ከሆነ ይቀራል | ቅጂው ይቀራል | አይ | ከሁሉም ከፍተኛ | ትንሽ |
| ቆልፎ መሄድ | እስኪያፈስ ድረስ | እስኪናድ ድረስ | ይበሰብሳል | ጊዜው ካላለፈ | ምንም | ምንም፣ በመጨረሻ ሙሉው ቤት |

ለማን የቱ?

እጃችሁ ላይ ትንሽ ብር ብቻ ካለ ግድግዳውን እርሱት፣ ውኃውን ያዙ። ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ከግድግዳው ሥር ውኃ የሚያርቅ ቦይ። በዚህ ቅደም ተከተል። ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ መለሰን ብርን መጣል ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ደግሞ ከደጃፋችሁ ከፍ እንዳይል ሥራው ሳይጀመር ተናገሩ፣ አንዴ ከፍ ካለ የመንገዱ ጎርፍ ሁሉ ወደ ቤታችሁ ነው።

ቤተሰቡ ሰፍቶ ክፍል ለጠበባችሁ፣ ነባሩን በመጀመሪያው መንገድ ጠግናችሁ ግቢው ውስጥ ዝቅ ያለ ተጨማሪ ክፍል፣ ኩሽናና መጸዳጃ አስፈቅዳችሁ ሥሩ። ከአሮጌው ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከሱ ሳይበልጥ። ግቢው በጣም ጠባብ ከሆነና ቤተሰቡ በፍጹም የማይበቃው ከሆነ፣ አንዱ ልጅ ከጁገል ውጭ መኖሩ ቤቱን ከማፍረስ ይሻላል። ይህን የምለው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ፎቅ ከተሠራ በኋላም ቤቱ ለሚቀጥለው ትውልድ ይጠብባል፣ ያኔ ግን የሚፈርሰው ቤት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም ሰላም ነው።

ውጭ ያላችሁና መላክ የምትችሉ፣ ብሩን አንድ ጊዜ ለኮንትራክተር ከመላክ በየዓመቱ ከፋፍላችሁ ላኩ። የሥራውን ፎቶ ጠይቁ፣ የተለሰነውን ብቻ ሳይሆን ከመለሰኑ በፊት ያለውን። የሲሚንቶ ከረጢት ፎቶው ላይ ካያችሁ ሥራው እንዲቆም ደውሉ። ከልባችሁ ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ ከቤታችሁ አልፋችሁ ለሁለት ወጣቶች ኖራ ከሚያውቅ ሽማግሌ ግንበኛ ጋር የሚሠሩበትን ቀን ሒሳብ ክፈሉ። ሰፈሩን በሙሉ የሚጠቅመው እሱ ነው።

በቀበሌ ቤት ለምትኖሩት ነገሩ ይለያል። በአዋጅ 47/67 የተወረሱ ቤቶች ዛሬም በኪራይ አሉ፣ አንዱ ጌይ ጋር ለብዙ አባወራ የተከፋፈለበትም አለ። የራስ ባልሆነ ቤት ትልቅ ብር አውጡ አልላችሁም። ኖራ መቀባት፣ አሸንዳ መጥረግ፣ ነደባውን አለማፍረስ ግን ብዙ አያስወጣም። ከዚያ በላይ ላለው ጎረቤታሞች ሆናችሁ በአንድ ማመልከቻ ጠይቁ፣ የጋራ ግድግዳ የአንድ ሰው ማመልከቻ አይደለም።

ቤታችሁን እንደ ብቸኛ ቤት ሳይሆን እንደ ሰፈር አስቡት ስል አንድ የቅርብ ምሳሌ አለኝ። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፒያሳ ሲፈርስ በየቦታው የቀሩ ታሪካዊ ሕንፃዎች አሉ። ሕንፃዎቹ ቆመዋል፣ በዙሪያቸው የነበረው መንደር ግን የለም። ጁገል ላይ እስካሁን መንደሩ አለ፣ ቤቶቹ ተደጋግፈው ነው የቆሙት።

ግንበኛ ከመቅጠራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁት፦ ኖራውን የት ነው የምታበርደው፣ ስንት ቀን ይቆያል? የወራጁን ጫፍ ከፍተህ ታየዋለህ? የድሮውን ሲሚንቶ ልስን ስታነሳ ግድግዳው ሳይለሰን ስንት ጊዜ እንዲደርቅ ትተወዋለህ? ለመጨረሻው ጥያቄ «ወዲያው እለስነዋለሁ» ካለ ሌላ ፈልጉ። እርጥብ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ ተራቁቶ መክረም አለበት። ጎረቤት «ምነው ቤታችሁ ተላጠ» ሊል ይችላል፣ ምክንያቱን ንገሩት፣ ምናልባት እሱም የራሱን ግድግዳ አንኳኩቶ ያያል።